የቱርክ ሞዛይክ መብራት በቤታችሁ ስትሠሩ፦ ቁራጩ እንዳይረግፍ፣ ጂፕሰሙ እንዳያበላሸው

“ጂፕሰሙን በስፖንጅ ስጠርገው ቁራጮቹ አብረው ተነሱብኝ።” “ሳበራው ጨለመብኝ።” “ከተሰቀለ በሳምንቱ መርገፍ ጀመረ።” የቱርክ ሞዛይክ መብራት በቤታቸው ከሞከሩ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው እነዚህን ሦስቱን ነው። መብራቱ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ የብርጭቆ ሉል ነው፤ ላዩ ላይ ባለቀለም የብርጭቆ ቁራጭ ይጣበቅበታል፣ በቁራጮቹ መሃል ያለው ክፍተት በጂፕሰም ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ብልሃት ማጣት አይደለም። መቸኮል ነው።

ኢስታንቡል ውስጥ ለጎብኚ በሚሰጠው ትምህርት ሁሉም ነገር በሁለት በሦስት ሰዓት ያልቃል። እዚያ ግን ሉሉ ታጥቦ፣ ቁራጩ ተቆርጦ፣ ኮላው ተመርጦ ይጠብቃችኋል። ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። የእጅ ሥራው ከአምስት ስድስት ሰዓት አይበልጥም፤ መድረቁ ግን ቀናት ይፈልጋል። ቅዳሜ አጣብቁ፣ ሰኞ ማታ ጂፕሰም ቀቡ፣ ረቡዕ ማታ አምፖሉን ግጠሙ። ይህን ጊዜ አታሳጥሩት።

የቃል ነገር፦ ቱርኮቹ “ሞዛይክ ላምባ” ነው የሚሉት። ላምባ ለእኛ የሚነደው ነዳጅ ነው፣ ለእነሱ መብራቱ ራሱ። ዕቃ ስትጠይቁ ዶቃው “ቦንጁክ”፣ ጂፕሰሙ “አልቺ” ይባላል። ሦስቱን ቃላት ያዙ፣ ገበያ ላይ ይረዷችኋል።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን አሟሉ

መሃል ላይ ዕቃ ቢጎድል ኮላው እየደረቀ ትቸገራላችሁ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ሳይቀርብ አትጀምሩ።

• የብርጭቆ ሉል። ለመጀመሪያ ጊዜ 16 ሴ.ሜ ስፋት ያለውን ምረጡ። ከዚያ ያነሰው ጉብታው ስለሚበዛ ቁራጩ አይቀመጥለትም። ትልቁ ደግሞ ያደክማል። ሉሉ ካልተገኘ ለስላሳ፣ ጥርት ያለ የብርጭቆ የመብራት ክዳን ይሆናል። ፕላስቲክ አይሆንም።
• ባለቀለም የብርጭቆ ቁራጭ፦ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ክብ። ጠረጴዛ ላይ አጠጋግታችሁ ስትደረድሩት 25 በ25 ሴ.ሜ የሚያህል ቦታ መሸፈን አለበት።
• ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብርጭቆ ዶቃ፣ አንድ የቡና ስኒ ሙሉ።
• ሲደርቅ ጥርት የሚል ነጭ ኮላ።
• ነጭ ጂፕሰም፣ ወይም በሴራሚክ መገጣጠሚያ መሃል የሚሞላው አሸዋ የሌለበት ነጭ ዱቄት።
• ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ሁለት ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ አልኮል፣ የጎማ ጓንት፣ ማስክ።
• ጎድጓዳ ሳህንና ፎጣ። ፎጣውን ሳህኑ ውስጥ ጠቅልላችሁ ሉሉን ታስቀምጡበታላችሁ።

ስለ ቁራጩ መጠን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁራጩ ጠፍጣፋ ነው፣ ሉሉ ክብ። በ16 ሴ.ሜ ሉል ላይ 1.5 ሴ.ሜ የሆነ ቁራጭ ብታስቀምጡ ጫፉ ከሉሉ የሚርቀው የሚሊ ሜትር ሲሶ ብቻ ነው። ኮላው ይሞላዋል። 3 ሴ.ሜ ከሆነ ግን ወደ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ያ ቁራጭ መሃሉ ብቻ ተይዞ ጫፎቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። በኋላ የሚረግፈው እሱ ነው። ከ1.5 ሴ.ሜ አትለፉ።

ውፍረቱም አንድ ዓይነት ይሁን። ቀጭኑን ከወፍራሙ ከቀላቀላችሁ ጂፕሰሙ ቀጭኑን ይውጠዋል።

ኮላ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ቁራጩን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ ብርጭቆውንም በነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ጥርት ያለ ሲሊኮን ይይዛል፣ ውሃም አይፈራም፤ ግን በቁራጮቹ መሃል እየተጨመቀ ስለሚወጣ ለጀማሪ ያስቸግራል። ነጩ ኮላ ይሻላል።

ዕቃ ከኢስታንቡል የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ

ለንግድ ኢስታንቡል ላሌሊ ሰፈር የሚመላለስ ዘመድ ወይም እዚያ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ካላችሁ ተቆርጦ የተዘጋጀ ቁራጭና ዶቃ አስመጡ። ትልቁ የተሸፈነ ገበያ፣ ካፓሊ ቻርሺ፣ እሑድ ዝግ ነው። የጉዞውን ቀን አስቀድማችሁ እዩ።

ሉሉን በእጅ ሻንጣ ያምጣው። መጀመሪያ ውስጡን በካልሲ ወይም በወረቀት ሙሉት፣ ከዚያ ውጭውን ጠቅልሉ፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ብዙ ሰው ውጭውን ብቻ ይጠቀልላል፤ ባዶ ሉል ግን ሲጫኑት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ኮላ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። ጂፕሰሙንም እዚሁ ግዙ። በተለይ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ መያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል።

ደረጃ 2፦ አጠቡ፣ ፈትሹ

1. ሉሉን ወደ መስኮት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። ኮላ አያድነውም።
2. በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። ሙሉ በሙሉ አድርቁት።
3. ውጭውን በአልኮል ጥረጉት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ አፉ አካባቢ ያዙ ወይም ጓንት አድርጉ።
4. ቁራጮቹንም አጥባችሁ ፎጣ ላይ አድርቋቸው። ሲቆረጡ የነካቸው ዘይትና ዱቄት አለ።

የጣት ቅባት ኮላ እንዳይይዝ ያደርጋል። በኋላ “ያለ ምክንያት ረገፈ” የሚባለው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

አንድ ሙከራ እዚህ ላይ አድርጉ። ባዶ የማር ጠርሙስ ላይ አምስት ስድስት ቁራጭ አጣብቁ። ከ24 ሰዓት በኋላ ጂፕሰም ቀብታችሁ ጥረጉት። ከያዘ ኮላችሁ ጥሩ ነው። ከለቀቀ ያጣችሁት አምስት ቁራጭ ነው። እኔ ይህን ሙከራ ሳላደርግ በጀመርኩት የመጀመሪያ መብራቴ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የለፋሁበት ሥራ ስፖንጅ ላይ ቀረ። ኮላውን የሸጠልኝ ሰው ውሃ አይፈራም ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ቃል ሳይሆን የማር ጠርሙሱን ነው የማምነው።

ደረጃ 3፦ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ጨርሱ

ሉሉ ላይ እያሰባችሁ አትሥሩ። ኮላው አይጠብቃችሁም።

የሉሉን ወገብ በቀጭን ወረቀት ዙሩትና ልኩ ላይ ቁረጡት። 16 ሴ.ሜ ሉል ከሆነ ወረቀቱ ወደ 50 ሴ.ሜ ይሆናል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ለሁለት እጠፉት። ሲዘረጋ ስምንት እኩል ክፍል አላችሁ፣ እያንዳንዱ ከ6 ሴ.ሜ ትንሽ ያልፋል። መልሳችሁ ወገቡ ላይ ጠምጥሙት፣ በየእጥፋቱ ማርከር ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ ቁራጭ ሥር ከቀረ ሲበራ ስለሚታይ፣ ኮላ ስትቀቡ በአልኮል እያጠፋችሁ ሂዱ።

አሁን የአንዱን ክፍል ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። አንድ ኮከብ ወይም አበባ ይበቃል፦ መሃሉ ክብ፣ ዙሪያው ስድስት ወይም ስምንት ሦስት ማዕዘን። ሌሎቹ ሰባቱ ክፍሎች ይህንኑ ይደግሙታል። የወገቡን ረድፍ መጀመሪያ አስቡ፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። ከላይና ከታች የሚተርፈው ቦታ በትናንሽ አራት ማዕዘንና በዶቃ ይሸፈናል።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አይቶ ይመርጣል፣ መብራቱ ሲበራ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጥቁር ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ብርሃን ይውጣሉ። የማር ቀለም፣ ውሃ ሰማያዊና ቀላል አረንጓዴ ብርሃን ያሳልፋሉ። እያንዳንዱን ቀለም በስልካችሁ ባትሪ ፊት ያዙትና እዩ። ብርሃን ጭራሽ የማያሳልፈውን ለጠርዝ ብቻ ተጠቀሙ። ጥቁር ቀለም ከሲሶ ካለፈ ቤቱን የማያበራ መብራት ትሰቅላላችሁ። አንዳንዱ ሰው ይህን ይወዳል፤ ለመኝታ ቤት ይሆናል፣ ለምግብ ጠረጴዛ ግን አይሆንም።

ሲጨርሱ ንድፉን በስልክ ፎቶ አንሱት። ሕፃን ወይም ክርን ይበትነዋል።

ደረጃ 4፦ ማጣበቅ

1. ሉሉን ፎጣው ላይ አጋድሙት። የምትሠሩበት ቦታ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ቁራጭ የሚንሸራተተው በጎን በኩል ስትሠሩ ነው።
2. የመዳፍ ግማሽ በሚያህል ቦታ ላይ ኮላ ቀቡ፣ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት። ከዚያ ሰፋ ካደረጋችሁ ሳትደርሱበት ይደርቃል።
3. ከኮከቡ መሃል ጀምራችሁ ወደ ውጭ ደርድሩ። ቁራጩን በወረንጦ አስቀምጡ፣ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ለስላሳው ገጽ ወደ ኮላው ይሁን።
4. በቁራጮች መሃል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ጂፕሰሙ ገብቶ የሚይዛቸው በዚያ ነው። ካጠጋጋችኋቸው ውበቱም ጥንካሬውም ይቀንሳል።
5. ወደ ላይ የወጣ ኮላ ካለ ሳይደርቅ በስቴኪኒ አንሱት።
6. አንዱን ጎን ስትጨርሱ ሁለት ሰዓት ያህል ሳትነኩት ተዉትና ወደ ቀጣዩ አዙሩ።
7. ዶቃውን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ባዶ የቀረውን ቦታ ኮላ ቀብታችሁ ዶቃውን በማንኪያ በትኑበት፣ በጣት ዳበስ አድርጉት። ትርፉ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል፣ ለቅማችሁ መልሱት።

የሉሉን አፍና ታች ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉት። ሉሉን የሚይዘው የመብራቱ የብረት ክዳን የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህን የረሳ ሰው ክዳኑ አልገጥም ሲለው የደረቀ ቁራጭ መፈንቀል ይጀምራል፣ ሉሉም ያኔ ይሰበራል።

ከተበላሸ

ቁራጭ ተንሸራተተ? ወደ ቦታው መልሱትና ኮላው እስኪጨብጥ በወረቀት ስኮች ያዙት። ስኮቹን በማግስቱ አንሱ።

የመጨረሻው ኮከብ ቦታ ጠበበው? አትጨናነቁ። ያንን ክፍል በዶቃ ሙሉትና ግድግዳ በኩል አዙሩት። ማንም አያየውም።

ኮከቡ ጠማማ መሆኑ የታያችሁ በማግስቱ ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ቁራጩ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ነጭ ኮላ ይለሰልሳል። በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ቢላዋ አታስገቡ።

ደረጃ 5፦ መጠበቅ

ቢያንስ 24 ሰዓት። በክረምት ወይም ቤቱ እርጥበት ካለው 48 ሰዓት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል።

መድረቁን በመንካት አታውቁትም። ሉሉ ብርጭቆ ስለሆነ ግን ውስጡን ማየት ትችላላችሁ። የስልካችሁን ባትሪ በአፉ በኩል አብሩበትና ከቁራጮቹ በስተጀርባ ያለውን ኮላ እዩ። ነጭ ደመና ከታየ አልደረቀም። ሁሉም ጥርት ካለ ደርቋል። ሰዓት ከመቁጠር ይህ ይበልጣል። ትንሽም ደመና እያያችሁ ጂፕሰም አትቀቡ፤ እርጥቡ ጂፕሰም ያልደረቀውን ኮላ መልሶ ያሟሟዋል፣ ከዚያ ቁራጮቹ ከስፖንጁ ጋር ይመጣሉ።

ከደረቀ በኋላ ጣታችሁን ሉሉ ላይ ዳበስ አድርጉ። የሚነቃነቅ ቁራጭ ካለ አሁኑኑ አንሱትና በአዲስ ኮላ መልሱት። ከጂፕሰም በኋላ ይህን ማድረግ ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ ጂፕሰም

ብዙ መብራት የሚበላሸው እዚህ ነው። ስልካችሁን ዝም አሰኙ፣ በሩን ዝጉ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የእናንተ መሆን አለበት።

1. ማስክና ጓንት አድርጉ። የቁራጮቹ ጠርዝ ስለታም ነው።
2. ውሃውን መጀመሪያ አድርጉ፣ ዱቄቱን ቀስ በቀስ ጨምሩበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ይጓጉላል። ለአንድ ስኒ ውሃ ሁለት ስኒ ዱቄት ያህል፣ የወፍራም እርጎ መልክ እስኪይዝ። ትንሽ ትንሽ በጥብጡ፤ ጂፕሰም ሳህኑ ውስጥ ቶሎ ይጠነክራል።
3. በጣትና በስፖንጅ በየክፍተቱ አስገቡት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትሂዱ፤ በዚህም በዚያም፣ በሰያፍም።
4. ላዩ ደብዘዝ ብሎ ዱቄት መምሰል ሲጀምር ጥረጉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዱቄቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ዓይናችሁን እመኑ። ቶሎ ከጠረጋችሁ ከክፍተቱ ይወጣል። ከዘገያችሁ ድንጋይ ይሆናል።
5. ስፖንጁ እርጥብ ይሁን፣ የሚንጠባጠብ ግን አይሁን። ጨምቁት፣ አንዴ ጥረጉ፣ አገላብጡት፣ አጥባችሁ ጨምቁት። ውሃ በበዛ ቁጥር ኮላው ይጎዳል።
6. ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀረውን ነጭ ጭጋግ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ወልውሉት። ያን ጊዜ ቀለሙ ይወጣል።

የተረፈውን ጂፕሰም ገንዳ ውስጥ አትድፉ። ቧንቧው ውስጥ ደርቆ ይዘጋዋል። ሳህኑ ውስጥ ይድረቅና ወደ ቆሻሻ ጣሉት። ስፖንጁንም በባልዲ እጠቡ።

ከተበላሸ

ቁራጭ አብሮ ከተነሳ አቁሙ። ወዲያው ለመለጠፍ አትሞክሩ። የቀረውን በጥንቃቄ ጠርጋችሁ ጨርሱ፣ አንድ ቀን አድርቁ፣ ቀዳዳውን በስቴኪኒ አጽዱ፣ ቁራጩን በኮላ መልሱ፣ በማግስቱ ዙሪያውን ብቻ ጂፕሰም ሙሉ። ሦስት አራት ቁራጭ ከሆነ አይታወቅም። በአሥር የሚቆጠር ከሆነ ኮላው አልደረቀም ነበር ማለት ነው። ሉሉን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ቁራጮቹን ለቅማችሁ አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ። ብርጭቆው አይበላሽም።

ጂፕሰሙ ላዩ ላይ ከደረቀባችሁ እርጥብ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ጣሉበት፣ ከዚያ በእንጨት ፋቁት። ቢላዋና የብረት ሽቦ ብርጭቆውን ይጭራሉ።

ስንጥቅ የመሰለ መስመር ጂፕሰሙ ላይ ከታየ በጣም ቀጥኖ ነበር። ትንሽ አዲስ በጥብጡና በጣት ሙሉት።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪኩን መግጠም

ከጂፕሰም በኋላ 48 ሰዓት አሳልፉ። እርጥበት ካለው ዕቃ ጋር ኤሌክትሪክ አታገናኙ።

ቱርክ ውስጥ የሚሸጠው የነዚህ መብራቶች መግጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑ ነው፣ ኢ14 የሚባለው። ኢትዮጵያም ቱርክም 220 ቮልት አካባቢ ስለሆነ እዚህ ያለ ለውጥ ይሠራል። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ አምፖሉ ይሠራላችኋል፤ ችግሩ ሶኬቱ አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት እግሮች ያሉት መሆኑ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን የኤሌክትሪክ ክፍሉን በሙሉ እዚያው ግዙ። ቮልቱ 120 ነው፣ የአምፖሉ አንገትም ይለያል።

አምፖሉ ከ3 እስከ 5 ዋት ኤልኢዲ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ይሁን። የድሮውን የሚግል አምፖል በፍጹም አታስገቡ። ሙቀቱ ኮላውን ያለሰልሳል፣ ሉሉንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ብረቱና ብርጭቆው በሚገናኙበት ቦታ የጎማ ቀለበት አስገቡ። ብሎኑን በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ መቆም ሲጀምር አቁሙ። በፒንሳ “አንድ ዙር ልጨምር” ማለት ያንን ሁሉ ቀን የሠራችሁትን ሉል በአንድ ድምፅ ይሰነጥቀዋል። ትንሽ መንቀጥቀጥ ካለ ሁለተኛ ጎማ ጨምሩ።

የሚንጠለጠል ከሆነ ክብደቱን ሰንሰለቱ ይሸከም፣ ሽቦው ላላ ይበል። ኮርኒሱ ቺፑድ ብቻ ከሆነ መንጠቆውን እንጨቱ ወይም ኮንክሪቱ ላይ አስይዙ። አካሉ ብረት ስለሆነ የመሬት ሽቦው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ መታሰር አለበት። ይህን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት። የምትከፍሉት ትንሽ ነው፣ የምታድኑት የልጆቻችሁን እጅ ነው።

ከተሰቀለ በኋላ

መታጠቢያ ቤትና በረንዳ ላይ አትስቀሉት። ጂፕሰም እርጥበት ይጠጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። አቧራውን በየሳምንቱ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አንሱ፤ የቀለም ቅብ ብሩሽ ይበቃል። ሲቆሽሽ መብራቱን ነቅላችሁ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ አትርጩበት።

ዶቃ ከረገፈ አትጣሉት። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጡት፣ የተረፉትንም ቁራጮች እዚያው ጨምሩ። ከዓመት በኋላ አንድ ቦታ ሲጎድል ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ ማግኘት ይቸግራል።